ሮብ ዝግ ነው

የአገሬ ስም ራሱ ቀጠሮ ነው፤ ሮብ ገበያ። በብቸናና በሞጣ በኩል ያለ ሰው «ሮብ ገበያ እንገናኝ» ካለህ ቦታውንም ቀኑንም ነገረህ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ብድር የሚመለሰው ሮብ ነው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው ሮብ ነው፣ የጠፋ አህያ የሚጠየቀውም ሮብ ነው። እንዲህ ካለ አገር የወጣ ሰው ሮብ ቀን የተዘጋ በር ይገጥመኛል ብሎ አያስብም። እኔም አላሰብኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር ከወዲሁ ልናገር።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ከውቅያኖሶች ሁሉ ሰፊው ፓስፊክ ነው፣ ማዕበል የሚነሣው በነፋስ ነው፣ ውኃው ከፍና ዝቅ የሚለው በጨረቃ ስበት ነው እያልኩ ስንት ካርቶን ጠመኔ ፈጅቻለሁ። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ካየሁት ውኃ ትልቁ ጣና ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የባሕር ውኃ እውነት ጨው ጨው ይላል?» አለኝ። «አዎን» አልኩ ኮስተር ብዬ። «ቀምሰውታል?» ክፍሉ ሳቀ። ደወሉ ተደወለና ተረፍኩ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ጡረታ ወጣ።

ይህን ጉዳይ ከኔ በላይ የሚያውቁ አንድ ጎረቤት አሉኝ። በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። መንደሩ «አያ ባሕሩ» ይላቸዋል፤ የክርስትና ስማቸውን ቄሱ ካልሆኑ የሚያስታውሰው የለም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ፣ ምጽዋ ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ኖርዌያውያን መኮንኖች ሲያሠለጥኑት የነበረ ኃይል ነው። «ኢትዮጵያ» የምትባለው ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ የመጣች ነበረች። በየካቲት 1982 ምጽዋ ከእጅ ወጣች፤ በ1983 የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ወረዱ፤ በ1985 ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች። አያ ባሕሩ ያን ጊዜ ቀድመው ቤታቸው ገብተው ጌሾ ተክለዋል። እኔ ደግሞ ቀለም ባጠነከረው ብሩሽ የክፍሉን ግድግዳ ካርታ አረምኩ። ሰማያዊውን ዳርቻ ከአገራችን ለይቼ መስመሩን ሳሰምር አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም።

በ2011 ዓ.ም. ራዲዮው ባሕር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው ሲል፣ የእኅቴ ልጅ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ የመጋበዣ ወረቀት ላከችልኝ። አያ ባሕሩ ሊሰናበቱኝ መጡና ከጋቢያቸው ሥር ባዶ ሃይላንድ አወጡ።

«ሌላ ነገር አታምጣልኝ» አሉ። «ባሕሩን ቅዳልኝ።»

«አያ፣ ያኛው እኮ ቀይ ባሕር አይደለም።»

«አውቃለሁ። ዘመዱ ነው።»

ሎስ አንጀለስ እንደደረስኩ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማው አስተዳደር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ሠፈር አለ፤ እዚያ ሄጄ ሽሮ በላሁ፣ ከአንድ የደጀን ሰው ጋር ስለ ዝናቡ አወራሁ። እኔ የምፈልገው ባሕሩን ነበር። የእኅቴ ልጅ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ዕረፍቷ ቅዳሜ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ቅዳሜ አልጠበቅሁም።

«ሳን ፔድሮ የሚባል ወደብ አለ፤ ከኮረብታው ላይ የድሮ የጠረፍ መከላከያ ምሽግ አለ፤ አሁን የጦር ሙዚየም ሆኗል። ታሪክ ስለሚወዱ እዚያ ይሂዱ፣ ባሕሩም ከሥሩ ነው» አለችኝ። ከዚያ ጣቷን እየቀሰረች «ጋሼ፣ አውቶብሱ ብርማ ቀለም ነው። ቁጥሩ 950 ነው። 910 የሚል ቢመጣ እንዳይገቡ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያወርድዎታል።»

ብርማ አውቶብስ መጣ። ቁጥሩን አየሁ? አየሁ። 910 ይላል። ግን ቀለሙ ያው፣ መስመሩ ያው፣ ፌርማታው ያው። እኛ አገር መኪና የሚለየው በረዳቱ ጩኸት ነው እንጂ በቁጥር ነው እንዴ? ገባሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር አለና ተመለከተኝ፤ ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም። የወረድኩበት ቦታ ዙሪያውን የአውራ ጎዳና ሲሚንቶ ነው፤ ሻይ የሚሸጥ የለም፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ብቻዬን ተቀመጥኩና 950 እስኪመጣ ድረስ ዳዊቴን ደገምኩ። ሁለተኛው ሾፌር «ሳን ፔድሮ?» ስለው «ሳን ፒድሮ» ብሎ አረመኝ። የአገሩ ሰው እንዲያ ነው የሚጠራው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳርም ኖሬ፣ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ታረምኩ።

ከአውቶብሱ ወርጄ ኮረብታውን ተያያዝኩት። ዐባይ በረሃን በእግሩ የወረደ ሰው ኮረብታ አይፈራም፤ ብቻ ያን ጊዜ ጉልበቴ የሃያ ዓመት ነበር። ላብ በላብ ሆኜ ከበሩ ደረስኩ። በሩ ላይ ማስታወቂያ አለ። መነጽሬን አደረግሁና አነበብኩ። ሙዚየሙ የሚከፈተው ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው። እንደገና አነበብኩ። ሰኞ የለም፣ ዓርብ የለም። ሮብ የለም። ከሮብ ገበያ ተነሥቶ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ሮብ ቀን ገበያ ያጣ ሰው በታሪክ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዞር ስል ባሕሩን አየሁት።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ለእኛ ለጎጃሞች ውኃ ማለት ማዶ ያለው ነገር ነው። ዐባይ ማዶ ቤጌምድር አለ፣ ጣና እንኳ ቢሰፋ ማዶው ላይ ጎርጎራ አለ። ዓይኔ ልማዱን ይዞ ማዶውን ፈለገ። ፈለገ፣ ፈለገ፣ ሰማዩ ላይ ወጣ። ለካ ባሕር ማዶ የሌለው ውኃ ነው! ይህን ዓረፍተ ነገር በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለተማሪ አልነገርኩም።

ከምሽጉ ጋር አንድ ሜዳ ላይ፣ ጣሪያው በአረንጓዴና በቀይ ሐረግ ያጌጠ አንድ ትልቅ ሰቀላ አለ፤ ከውስጡ ደወል ተሰቅሏል። 17 ቶን ይመዝናል። ምላስ የለውም፤ ከውጭ በተንጠለጠለ ግንድ ነው የሚመታው። ደቡብ ኮሪያ በ1976 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የሁለት መቶኛ ዓመት የነጻነት በዓል፣ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉትንም ለማክበር የሰጠችው ነው። ከሥሩ ተቀምጬ ጫማዬን ሳወልቅ አንድ የኮሪያ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ኢትዮጵያ» ስለው ዘሎ ተነሣ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ እየደጋገመ እጅ ነሣኝ። የቃኘው ዘማች መስዬው ኖሯል።

ቃኘው የሚባለው የኢትዮጵያ ጦር ወደ ኮሪያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የተወለድኩት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ። ይህን ላስረዳው ሞከርኩ። የእርሱ እንግሊዝኛ አጭር፣ የኔው ደግሞ ጠመኔ ካልያዘ የማይንቀሳቀስ ሆነና አልተግባባንም። ልጁን ጠርቶ ፎቶ አስነሣን። «ሰላምታ ስጥ» በሚል ምልክት እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ እኔም አደረግሁ። ስለዚህ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ ኮሪያዊ ቤት ግድግዳ ላይ፣ አንድ ጫማ አውልቆ ወታደራዊ ሰላምታ የሚሰጥ የሮብ ገበያ መምህር ተሰቅሎ ይሆናል። ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ዘምቶ ከ120 በላይ የወደቀበት፣ አንድም የተማረከ የለበትም የሚባልለት ጦር ክብር በማጭበርበር ኪሴ ገባ። ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ አንድ ቋጠሮ አለው። ምሽጉ «ፎርት ማክአርተር» ይባላል፤ በ1914 እ.ኤ.አ. የተሰየመው በጄኔራል አርተር ማክአርተር ነው። የእርሱ ልጅ ዳግላስ ማክአርተር በኮሪያ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ነበር። ከፕሬዚዳንት ትሩማን ጋር ተጋጭቶ የተሻረው ሚያዝያ 1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ በተከተለው ወር ቃኘው ፑሳን ወደብ ላይ ወረደ። እኔ እንግዲህ በአባቱ ምሽግ ደጃፍ፣ ልጁ ባዘዘበት ጦርነት መታሰቢያ ሥር፣ ባልዘመትኩበት ዘመቻ ተከብሬ ተቀምጫለሁ።

የቀረኝ ውኃው ነበር። ቁልቁል ወርጄ አሸዋው ላይ ደረስኩ። ሃይላንዱን ከፍቼ ጎንበስ ስል ማዕበሉ የሄደ መስሎኝ ነበር። ተመልሶ መጣና ጉልበቴ ድረስ ነከረኝ፤ ግራ ጫማዬን ይዞ ጥቂት ከሄደ በኋላ አንድ ውሻ አመጣልኝ። በእጄ የተረፈውን ውኃ ቀመስኩት። ጨው ነው። ከኋላ ወንበር ያለውን ያን ተማሪ በሐሳቤ ፈለግሁትና «አዎን፣ ቀምሼዋለሁ» አልኩት።

ማታ የእኅቴ ልጅ ልትወስደኝ ስትመጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጋሼ፣ ዋኙ እንዴ?»

«አይ እናቴ፣ ዘመትኩ።»

ቅዳሜ አብረን ተመለስን። ሙዚየሙ ያለው በምሽጉ ሆድ ውስጥ ነው። ኦስጉድ-ፋርሊ የሚባለው የመድፍ ምሽግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ ነው፤ ግድግዳው እንደ ቤተ ክርስቲያን ግንብ የወፈረ ሲሚንቶ፣ ውስጡ ረጅም ቀዝቃዛ መተላለፊያ፣ በግራ በቀኝ የባሩድና የጥይት ክፍሎች። የሚያስጎበኘን ጡረታ የወጣ በጎ ፈቃደኛ ነው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «አገራችሁ ባሕር አላት?» አለኝ። «ነበራት» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ወደ መድፉ ነገር ገባ።

መድፎቹ ሁለት ነበሩ። አፋቸው ባለ 14 ኢንች ነው፤ ከ35 ሴንቲሜትር በላይ፤ ጡት የጣለ ሕፃን ያሾልካል። አንዷ ጥይት 1,560 ፓውንድ ትመዝናለች አለ። እኔ በኪሎ፣ ከኪሎ ወደ ገበያ መለስኩት፤ ሰባት ኩንታል። ሰባት ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ መወርወር ማለት ነው። በአህያ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ያውም አህያዋ ካላረፈች።

ደግሞ ተደባቂ ነበሩ። መድፉ ከግንቡ ኋላ ተኝቶ ይጎርሳል፤ በከባድ ሚዛን ይነሣና አንገቱን ብቅ አድርጎ ይተኩሳል፤ የራሱ ግፊት መልሶ ወደ ታች ይጥለዋል። ፍልፈል ማለት ነው። በመርከብ የሚመጣ ጠላት ጭሱን እንጂ መድፉን አያይም። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ ብቻ ብዙ ሳይቆይ የመርከቦች መድፍ ከእርሱ የራቀ መተኮስ ጀመረ፤ አውሮፕላን የሚባል ነገርም መጣ። ፍልፈል ከፊት ለፊት ይደበቃል እንጂ ከጭልፊት በምን ይደበቃል?

«ታዲያ በጠላት ላይ ስንት ጊዜ ተኮሰ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንድም ጊዜ» አለ አስጎብኚው።

«ዝም ብሎ ነው የኖረው?»

«ዝም ብሎስ አልኖረም። ለልምምድ ይተኩሱ ነበር። በሙሉ ባሩድ ሲተኩሱ የሠፈሩ ሰው መስኮት ይረግፋል። ሰው ይጮህ፣ አቤት ይል ነበር።»

ሰውዬው ይህን ሲናገር ሳቀ፤ የእኅቴ ልጅም ሳቀች። እኔ ግን አንዲት ሴትዮ ታየችኝ፤ መስታወት ከምድጃዋ ላይ የምትለቅም፣ ልጆቿን «በባዶ እግራችሁ አትርገጡ» የምትል። ያ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ወታደር ለጠላት ተዘጋጅቶ፣ ክንዱ ያረፈው በጎረቤት መስኮት ላይ ነው።

አስጎብኚው አንድ ሌሊት ደግሞ ተረከልን። የካቲት 1942 እ.ኤ.አ. ነው። የጃፓን ባሕር ሰርጓጅ ከሳንታ ባርባራ አጠገብ የነዳጅ ማውጫ ላይ ጥቂት ጥይት ጥሎ ከሄደ ገና አንድ ቀኑ ነው፤ አገሩ በፍርሃት ተወጥሯል። በ24 ለ25 አጥቢያ ሌሊት የሎስ አንጀለስ መብራት ጠፋ፤ የፀረ አውሮፕላን መድፎች ሰማዩን ያጨሱት ጀመር። ከ1,400 በላይ ጥይት ተተኮሰ። ሲነጋ የወደቀ አውሮፕላን የለም። የመጣም አልነበረም። የወረደው ፍንጣሪ ቤትና መኪና መታ፤ በጨለማው በመኪና አደጋና በድንጋጤ የሞቱ ሰዎች ግን ነበሩ። እኛ ሠፈር አንድ ውሻ ጅብ ሸተተኝ ብሎ ከጮኸ የብቸና ውሻ ድረስ ይቀባበለዋል፤ ሲነጋ ጅብም የለ፣ የጮኸበትን የሚያስታውስ ውሻም የለ። ልዩነቱ የኛ ውሾች ጥይት የላቸውም።

መድፎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ተፈትተው፣ ተቆራርጠው ለብረት ተሸጡ። ቁራሌው ወሰዳቸው ማለት ነው። ዛሬ ያለው ቤታቸው ነው።

እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። ባሩድ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ ቡድኑ ሄደ። ድምፃቸውን ተከትዬ በግራ ዞርኩ፤ ድምፁ ግን በሲሚንቶው ላይ እየነጠረ በቀኝ ነበር የሚመጣው። በአንድ ዝቅ ያለ በር ግንባሬን መታሁ። በጨለማ እጄን ዘርግቼ እየዳሰስኩ ስሄድ ብርሃን አየሁና ወጣሁ። የወጣሁት ከመድፉ ጉድጓድ ነው። ክብ ነው፤ ወለሉ የተለሰነ፣ ዙሪያው የታጠረ። አውድማ! በሬ የሌለበት፣ ጭድ የሌለበት አውድማ። ግንባሬን ይዤ መሐሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ሰባራ ድልድይ ትዝ ያለኝ።

ከሞጣ ቁልቁል ወደ ዐባይ ስትወርዱ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ አለ። ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከለኛውን ቅስት ሰበሩት፤ ጠላት እንዳይሻገር። እኛ የባሕር ጠረፍ የለንም፤ ጠረፋችን ዐባይ ነው፤ የጠረፍ መከላከያችንም ያ ስብራት ነበር። መድፍ አልፈለገም፣ ሲሚንቶ አልፈለገም። እነ በላይ ዘለቀን ያበቀለ የብቸና አገር፣ እነ ሞጣ፣ እነ ደብረ ወርቅ አምስት ዓመት እንደዚያ ነው ያሳለፉት፤ በገደሉ፣ በወንዙ፣ በእጃቸው ባለው።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ስብራቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስልሳ ዓመት ገደማ ሰው በገመድ ነበር የሚሻገረው። ወዲህ ወንዶች፣ ወዲያ ወንዶች ይቆሙና ገመዱን በክፍተቱ ላይ ይወጥሩታል፤ መንገደኛው ወገቡን ታስሮ ይጎተታል። ዐሥር ዓመት ያህል ሲሆነኝ አባቴ ማዶ ላሉ ዘመዶቻችን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። በቅሎዋ ወዲህ ቀረች። የመስቀል ሰሞን አልፎ ገና ጥቅምት ነው፤ ዐባይ ከሥሬ ቡና መስሎ ይሄዳል። ገመዱ ብብቴን ሲልጠኝ፣ የሚስበው ሰውዬ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኋላ ሲተኛ፣ የተረከዙ ንቃቃት ድንጋዩን ሲቆነጥጥ ዛሬም ይታየኛል። ስሙን አላውቀውም። እጁ ላይ ያለው ጠባሳ ገመድ ይመስል ነበር።

ማዶ ስደርስ አባቴን ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ማን ነው የሰበረው?»

«የኛው ሰዎች።»

«ለምን?»

«ጣልያን እንዳይሻገር።»

«ጣልያን ሄደ አይደል?»

«ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አይሠሩትም?»

አባቴ ገመዱን ከወገቤ እየፈታ ብዙ ዝም አለ። «መስበር የአንድ ሌሊት ሥራ ነው» አለኝ በመጨረሻ።

በ1994 ዓ.ም. ያን የገመድ ፎቶ በአንድ መጽሔት ላይ ያየ አሜሪካዊ መጥቶ፣ ከአገሩ ሰው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት ገጠመው። ቆይቶ ጎርፍ ወሰደውና በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አሁን አህያም ይሻገራል።

አርበኞቹ አጠፉ አልልም። ጠላት ከማዶ ሲመጣ ድልድይ መስበር ተገቢ ነው፤ እኔም ብኖር ዲጅኖ ይዤ እሰለፍ ነበር። የምለው ሌላ ነው። የመከላከያ ሒሳብ አስቀድሞ የሚደርሰው ለጎረቤት ነው። ሳን ፒድሮ ላይ በመስኮት፣ ሰባራ ድልድይ ላይ በገመድ ተከፈለ። የተኮሰ ፉከራ አለው፣ የሰበረ ቀረርቶ አለው፤ ስልሳ ዓመት ገመድ የሳበ ግን ምንም የለው። እዚያ ምሽግ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ቆሞ «መስኮት ረግፎ ነበር» ይላል። ከጄኔራሉ ፎቶና ከባሩዱ ክፍል እኩል መስኮቱን ያወሳል። ከመድፉ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስቀናኝ ይህ ነው።

«ጋሼ! ጋሼ!» የእኅቴ ልጅ ድምፅ ከጨለማው መጣ። አውድማው መሐል ተቀምጬ ግንባሬን በመሐረብ ይዤ ስታየኝ ደነገጠች። «ምን ሆነው ነው?» «መስኮት እየቆጠርኩ ነው» አልኳት። ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውኃ ልታጠጣኝ ከቦርሳዬ ሃይላንዱን አወጣች። «እሱን እንዳትነኪው! የአያ ባሕሩ ነው!» ብዬ ስጮህ አስጎብኚው ዞር አለ። የእኅቴ ልጅ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ነገረችው፤ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ብቻ እስከ በሩ ድረስ ክንዴን ይዞ ሸኘኝ። በሩ ላይ ካለው የመዋጮ ሣጥን ጥቂት ዶላር ጨመርኩ፤ ለመስኮቶቹ።

ሃይላንዱን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ፣ በጋቢ ሸፍኜ፣ በሻንጣ አስገባሁት። አንድ ጠብታ ሳይፈስ ሮብ ገበያ ገባ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ዘመድ ልቀበል ወጣሁ። ስመለስ ባለቤቴ አማትባ፣ በሁለት እጇ ይዛ ተጎንጭታለች። ፊቷ ተጨማትሮ፣ ግን ጠበል ነውና አልተፋችውም።

«ኧረ የየትኛው ታቦት ጠበል ነው እንዲህ የሚጨው?»

«ጠበል አይደለም። የሰላማዊ ውቅያኖስ ነው።»

«ሰላማዊ የሚባል ጻድቅ አለ እንዴ?» አለችና ለማንኛውም አንዴ ደግማ አማተበች። ሦስት ቀን ወገቤን አሻለኝ ስትል ነበር።

አያ ባሕሩ አመሻሽ ላይ መጡ። ክዳኑን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ መዳፋቸው ላይ ጥቂት አፍስሰው በምላሳቸው ጫፍ ነኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቼም አለቀሱ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አላለቀሱም። ተፉት።

«ውኃ የበዛበት ነው» አሉ። «የምጽዋው ይበልጣል።»

ሳቅሁባቸው። ሽማግሌ የወጣትነቱ ነገር ሁሉ እንደሚጣፍጠው አውቃለሁ። ማታ ግን የድሮ መጽሐፌን ገለጥኩ። የውቅያኖስ ውኃ በሺህ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የቀይ ባሕር 40 ያህል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ቁጥር እርሳቸው በምላሳቸው ይዘውት ኖረዋል።

እንግዲህ በሎስ አንጀለስ በኩል ያላችሁ ሰዎች፣ ባሕሩን ማየት ካማራችሁ ያን ኮረብታ ውጡ፤ መድፉ የለም፣ መስኮቱን ጠይቁ። በሞጣ በኩል ያላችሁ ደግሞ ወደ ዐባይ ውረዱና ገመድ ሲስቡ የኖሩ ሽማግሌዎች ሳይሞቱ ስማቸውን ጻፉ፤ እኔ አንዱን ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ። አውቶብሱ ያን ጊዜ 950 ነበር። ሮብ ዝግ ነው።